ልጅ እግር ሐኪም፣ የሰው እግር

(አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ የአጥንት ሐኪም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካደረገው ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወንበሩ ቢያልቅም ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። እማማ፣ እርስዎ እዚህ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እኔ ቆሜ ነው የማወራው። ስለ እግር የሚያወራ ሰው ተቀምጦ ቢያወራ አያምርበትም።

ይህን ያዘጋጁት ልጆች «ስለ እግር ስብራት ንገረን» ነበር ያሉኝ። እሺ አልኳቸው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ከሰባራው ይልቅ ስለ ጠጋኙ ባወራ ይሻላል አልኩ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ተሰብራችሁ ወይም የተሰበረ ሰው ይዛችሁ በሌሊት ሆስፒታል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። የተቀበላችሁ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ወይም ጋወኗ የሰፋባት ልጅ ናት። አፍ አውጥታችሁ ባትናገሩም በሆዳችሁ «ኧረ ትልቁ ሐኪም የታል? ይህ ልጅ እግር በእኔ እግር ሊማርብኝ ነው እንዴ?» ብላችኋል።

አዎ፣ ሊማርባችሁ ነው። ምን ልዋሻችሁ፤ እኔም የተማርኩት በሰው እግር ነው። ቁም ነገሩ ከመንካቱ በፊት ምን አወቀ፣ ሲነካ አጠገቡ ማን ቆመ፣ ከነካ በኋላስ ሥራውን ተመልሶ አየው ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛዋ እናንተንም ትመለከታለች፤ እመጣበታለሁ።

ያ ልጅ እግር ሬዚደንት ይባላል። ሕክምናውን ጨርሶ የተመረቀ ሐኪም ነው። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሊሆን ለዓመታት እንደገና ወደ ትምህርት የተመለሰ ሰው ማለት ነው። እርስ በርሳችን አር ዋን፣ አር ቱ፣ አር ስሪ እያልን ነው የምንጠራቸው፤ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ለማወቅ። ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት በምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በኩል የሚያልፍ የአጥንት ሬዚደንት 5 ዓመት ይፈጅበታል፤ 2ቱ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና መሠረት፣ 3ቱ የአጥንት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳሌ አለ፣ ጭን አለ፣ አከርካሪ አለ፣ እጅ አለ፣ የልጆች አጥንት አለ። እግር ከእነዚህ ሁሉ ጋር እየተሻማ ነው የሚማሩት። አሜሪካኖቹ ስፔሻሊቲውን ከጨረሱ በኋላ እግርና ቁርጭምጭሚትን ብቻ ልማር ለሚል አንድ ተጨማሪ ዓመት አላቸው።

አንድ የቆየ ልማድ ደግሞ አለ። «ምንድነው፣ ቁርጭምጭሚት ነው? ለአር ቱ ስጡት!» ይባላል። ቁርጭምጭሚት የጀማሪ ሥራ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ይህን ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

እዚህ አናጺ አለ? አለ፣ ጥሩ። ወንድሜ፣ በር ስትገጥም መቃኑ ትንሽ ቢከፈት በሩ ምን ይሆናል? «ይላላል፣ ያፋጫል» አለ፤ ሰማችሁ? ቁርጭምጭሚታችን በርና መቃን ነው። በግራና በቀኝ የምትዳስሷቸው ሁለቱ ጉብ ያሉ አጥንቶች መቃኖቹ ናቸው። በመካከላቸው ታለስ የሚባል አጥንት ተገጥሟል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥናት ይህ አጥንት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢሸሽ ከላይኛው አጥንት ጋር የሚነካካበት ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት ኪሳችሁ ካለው የኤቲኤም ካርድ ውፍረት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሙሉ ሰውነት የሚሸከመው መጋጠሚያ በግማሽ ቦታ ላይ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ልስልሱ ሽፋን ይበላል፤ ሰውየው በ40 ዓመቱ እንደ ሽማግሌ ያነክሳል። እና ይህ ነው የጀማሪ ሥራ?

ከቁርጭምጭሚት በታች ደግሞ በአንድ እግር 26 አጥንት አለ። ሁለቱ ሲደመር 52። የአዋቂ ሰው አጥንት በሙሉ 206 ነው። ሩቡን አጥንታችንን ካልሲ ውስጥ ከተን ነው የምንዞረው።

ታለስን ካነሳሁ አይቀር፣ አመለኛ አጥንት ነው። አንድም ጡንቻ አልተጣበቀበትም። አብዛኛው ገጹ በልስልስ ሽፋን ስለተሸፈነ ደም የሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ነው። አንገቱ ላይ ሲሰበር ደሙ ይቋረጥና አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ሬዚደንቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ራጅ አስነስቶ ከአጥንቱ አናት ሥር አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ይፈልጋል። ከታየች ደም እየደረሰው ነው። የኢድ ጨረቃ እንደሚጠበቀው ነው የምትጠበቀው፤ አንዱ «አየኋት» ይላል፣ ሌላው «ዓይንህ ነው» ይለዋል።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። እጅ ከየት ይጀምራል? እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊዘርላንድ ውስጥ የአጥንት ሐኪሞች ተሰብስበው ስብራትን በብረትና በብሎን የመግጠምን ጥበብ በሥርዓት ማስተማር ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳቮስ በምትባል ከተማ የተጀመረው ኮርሳቸው ዛሬ ዓለም ላይ ተዳርሷል፤ ተማሪው በፕላስቲክ አጥንት ላይ ይሰረስራል፣ ይለካል፣ ያጠብቃል። የፕላስቲክ አጥንት በሌለበት ቀን እኛ ምን እናደርጋለን? ቀርከሃ! ቀርከሃ ከውጭ ጠንካራ ከውስጥ ባዶ ስለሆነ ከአጥንት ጋር ይመሳሰላል። ከጀርባው ሙዝ በፕላስተር አስራለሁ። «ሁለቱንም ግድግዳ ብሳ፣ ሙዙን ግን እንዳትነካ» እላለሁ። መሰርሰሪያው ሁለተኛውን ግድግዳ ሲያልፍ ድምፁ ይቀየራል፤ ከዚ-ዚ-ዚ ወደ ቀጭን ጩኸት ይሄዳል። ያን ጊዜ እጅ መቆም አለበት። ሙዙ የሰው ደም ሥር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሙዙን የማይበሳ የለም። እንደ ብዛታችን አንድ ኪሎ ሙዝ አይበቃንም፤ የተበሳውን ግን እንበላዋለን።

ስፌት ደግሞ በበግ እግር። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በየመንደራችሁ የሚጣለውን የበግ እግር ሬዚደንቶቼ ይሰበስባሉ። ቆዳው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለችውን ስስ ቆዳ ያስታውሳል። አንዷ ሬዚደንት በታክሲ ይዛ ስትመጣ ረዳቱ «እህት፣ ይህ ለምን ይሆንሻል?» ቢላት «ልሰፋው ነው» አለችው። ሒሳብ ሳይቀበላት ነው ያወረዳት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። አር ቱ እያለሁ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ መጣ፤ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲወርድ እግሩ ተጠምዞ ቁርጭምጭሚቱ በሁለቱም በኩል ተሰብሯል። በሦስተኛው ቀን እግሩ እንደ ተነፋ ፊኛ አብጦ፣ ቆዳው ያብረቀርቅ ነበር። አንድ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ቀዶ ሕክምና ተሰርዞ ጠረጴዛ ክፍት ሆነ። ተራችን ካለፈን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርሰን። ሲኒየሩ፣ ማለት ትልቁ ሐኪም፣ ፈቃድ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ መሥራት አምሮኛል። እውነቱ ይኸው ነው፤ አምሮኝ ነበር።

ቀደድኩ፤ አጥንቱን ገጠምኩ፤ ብረቱን በብሎን አሰርኩ። ልዘጋ ስል ቆዳው አልደርስ አለ። ጎተትኩት። ክሩ እየቆረጠው፣ ነጭ እየሆነ፣ እንደ ጠባብ ሱሪ አገናኘሁት። በማግስቱ ሞርኒንግ ላይ፣ ማለት በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ ራጁን አሳየሁ። ቆንጆ ራጅ ነበር! ተመሰገንኩ። አንድ ሰው እንኳ «ቆዳውስ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በሰባተኛው ቀን ፋሻውን ስፈታ የቁስሉ አፍ ጠቁሯል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብረቱ ታየ። በተከፈተ ቁስል ውስጥ የራሳችሁን ብሎን ቁልጭ ብሎ ስታዩት ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። ሰውየው ግን ብረቱን አይቶ «ዶክተር፣ ይህ ነው ያስገባህልኝ?» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ለማወቅ ፈልጎ ነው። ከሌላ ቦታ ሥጋና ቆዳ አምጥተው የሸፈኑለት ሌሎች ሐኪሞች ናቸው። ሥራ ሳይሠራ 8 ወር ተኛ። አራት ልጆች ነበሩት።

በኋላ ያስተማሩኝ መምህር አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፦ «ራጁ አጥንቱን ያሳይሃል፤ ቀኑን የሚቆርጥልህ ግን ቆዳው ነው።» ዛሬ ሬዚደንቶቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው መሸብሸብን ነው። በጣትና በጣት መካከል ያበጠውን ቆዳ ቀስ ብለህ ትገፋዋለህ። ካላሸበሸበ አትነካም። እግሩን ከልብ ከፍ አድርገህ በትራስ ትሰቅላለህ፣ ትጠብቃለህ። 7 ቀን፣ 10 ቀን፣ አንዳንዴ 2 ሳምንት። ቀጫጭን መስመሮች ሲወጡበት ያን ጊዜ ምላጩን ታነሳለህ። ስለዚህ ሆስፒታል ተኝታችሁ «አስር ቀን ሙሉ ዝም ብለው አስተኙኝ» የምትሉ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ዝም አልተባላችሁም። አንዳንዴ በእርግጥ ወረፋ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ጠይቁ፦ «ቆዳዬ ተሸበሸበ ወይ?» በሉት ሬዚደንቱን። ደንግጦ ይመልስላችኋል።

ከዚህ ሰፈር ግንባታ የሚመጣብን ሌላው የተረከዝ ስብራት ነው። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የሚወድቅ ሰው እንደ ድመት በእግሩ ለማረፍ ይሞክራል፤ ተረከዙ እንደ ረገጡት እንቁላል ይፈረከሳል። አር ዋን ላይ የሚማሩት የመጀመሪያው ነገር ተረከዙን አይታችሁ ወገቡን ጠይቁ የሚል ነው። ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ያ ጉልበት ወደ ላይ ተጉዞ አከርካሪውንም ይሰብራል። ሰውየው ግን ተረከዙ ስለሚያመው ስለ ወገቡ አያወራም። ተረከዝ ብቻ ታክሞ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው ከሳምንት በኋላ እግሩ ደንዝዞ ሲመለስ አይቻለሁ።

ተረከዙንስ? ወጣት ሐኪም ሁሉ ሊከፍተው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የወጣ ጥናት 151 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በቀዶ፣ ግማሹን ያለ ቀዶ አከመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕመምም በመራመድም ልዩነት አልተገኘም። የተቀደዱት ግን 23 በመቶው እንደ ቁስል መመረዝ ያለ ጣጣ ገጠማቸው፤ ካልተቀደዱት 4 በመቶው። ሁሉንም አትቅደድ ማለት አይደለም፤ በእጅጉ የተዛባውን የምንገጥመው አለ። እኔ ግን ሬዚደንቱ «ይህን ባንነካው ይሻላል» ሲለኝ እጁ እየበሰለ ነው እላለሁ።

ወደ ወጌሾች ልምጣ። አባቴ፣ እርስዎ ወጌሻው፣ ሳይዎት ፈገግ ብለዋል፤ ሊሰድበን ነው ብለው ይሆናል። አይደለም። ውልቃት በጣት የሚያውቅ፣ ወለምታን በቅቤ አሽቶ የሚያስታግስ ሰው እጁ የተማረ ነው። የኔ ልጆች ራጅ ካላዩ ጣታቸውን አያምኑም፤ የእርስዎን ጣት ቢያገኙ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያውን እግር የቆረጥኩት በአጥንት ነቀርሳ አይደለም፣ በመኪናም አይደለም። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ የታሰረ የ9 ዓመት ልጅ እግር ነው። ስብራቱ ቀላል ነበር። እግሩ ሲያብጥ ማሰሪያው አልላላም፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ተባለ። በአራተኛው ቀን ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ አያምም ነበር። ማሳከክ እንኳ የለውም።

እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ጀሶም ያንቃል። በሆስፒታል ጀሶ የታነቀ እግር አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሬዚደንቱን በጀሶው ላይ «ካመመህ ተመለስ» ብሎ እንዲጽፍ አስገድደዋለሁ፣ ስልክ ቁጥሩን ጭምር። ቀርከሃም ይሁን ጀሶ፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ መጀመሪያ ፍቱት። ሌሊትም ቢሆን። አጥንት ቢዛባ እናቃናዋለን፤ የሞተ ሥጋ አናስነሳም።

ወለምታ ነው ወይስ ስብራት ለሚለው ደግሞ ካናዳ ኦታዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ቀላል ደንብ አለ፤ የጤና ጣቢያ ነርሶች ካላችሁ ያዙት። ከተጎዳ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ ኋለኛ ጠርዝ ከጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አጥንቱ ሲጫን ካመመው፣ ራጅ ይነሳ። ከትንሿ ጣት በስተኋላ በእግሩ ውጫዊ ጎን መሐል ላይ ያለችው ጉብታ፣ በውስጥ ጎን ደግሞ ከቅስቱ በላይ ያለችው አጥንት ሲጫኑ ካመሙም እንዲሁ። ሌላው አብዛኛው ወለምታ ነው፤ ለአባቴ ተዉላቸው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ከ1000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል፤ ውስጥ እግሩ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ዞሮ። እርግማን አይደለም፣ እናትየው የረገጠችው ነገርም የለም። ድሮ ሐኪሞች ይህን እግር ሰፊ አድርገው ቀድደው ነበር የሚያቃኑት። ልጁ ሲያድግ እግሩ የሚደርቅ፣ የሚያምም ይሆናል። ፖንሴቲ የሚባሉ ስፔን ተወልደው አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የሠሩ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «በእጅና በጀሶ ይቃናል» አሉ። ለአሥርት ዓመታት የሰማቸው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በ95 ዓመታቸው ሲሞቱ ግን ዓለም በሙሉ ማለት ይቻላል በእሳቸው መንገድ ይሠራ ነበር።

አንድ ሬዚደንት ይህን ሲማር አጠገቡ ቆማችሁ ብታዩ። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ነው፤ እናቱን «ጡት ስጪው» እንላታለን፣ የሚጠባ ልጅ እግሩን አያጠብቅም። ሬዚደንቱ አውራ ጣቱን ከቁርጭምጭሚቱ በፊት ለፊት በውጭ በኩል ባለችው ጉብታ ላይ ያደርጋል፤ የታለስ ራስ ናት። እሷ ምሰሶ ናት። የቀረውን እግር በሌላ እጁ በዙሪያዋ ወደ ውጭ ያዞራል። ተረከዙን ግን አይነካም! ሁሉም ግን መንካት ያምረዋል፤ ተረከዙ ጠማማ ሆኖ ይታየዋላ። እጁን ቀስ አድርጌ አነሳበታለሁ። የቀረው እግር በትክክል ከዞረ ተረከዙ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ሳትነኩት ሲመጣ ማየት፣ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በሥራዬ አላገኘሁም።

ከጣት እስከ ብሽሽት፣ ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፎ ጀሶ ይደረጋል። በሳምንቱ ተፈትቶ እንደገና። 5 ወይም 6 ጊዜ። በመጨረሻ ከ10 ልጆች በ8 ወይም በ9ኙ የተረከዙ ጅማት፣ እናንተ ቋንጃ የምትሉት፣ አጭር ስለሚሆን በቀጭን ምላጭ ከቆዳው ሥር ይቆረጣል። ልክ ሲቆረጥ «ጠቅ» የምትል ነገር በጣት ትሰማለች። ጅማቱ በ3 ሳምንት ጀሶ ውስጥ ረዝሞ ይገጥማል። ሬዚደንቶቹ ያቺን «ጠቅ» ይወዷታል፤ እኔ ግን ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው እላቸዋለሁ። ልጁ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘ ማሰሪያ 3 ወር ሌት ተቀን፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመቱ ሲተኛ ማድረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲተው ነው። ሬዚደንቱ «እናትየው ቸልተኛ ናት» ብሎ ካርድ ላይ ሲጽፍ አሰርዘዋለሁ። ከገላን ወይም ከዱከም በየሳምንቱ ሕፃን አዝላ በሁለት በሦስት ታክሲ የምትመጣ፣ ጎረቤት «ልጅሽን ለምን አሰርሽው?» የሚላት እናት ቸልተኛ አይደለችም። ማሰሪያው ልጁን የላጠው ከሆነስ? ጫማውን አውልቀህ ተረከዙን አይተሃል ወይ?

ይህ ከተማ ስለ እግር ሲማር ሁልጊዜ ከዳር ነው የተማረው። ዘነበወርቅ ዛሬ መሐል ሰፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲመሠረት ግን ከከተማው ጠርዝ ነበር፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰባሰቡበት። የሥጋ ደዌ ነርቭን ሲገድል የእግር ፊት ይወድቃል፤ ሰውየው ጣቱን እየጎተተ ይሄዳል። በሕንድ ቬሎር የሠሩት ፖል ብራንድ የሚባሉ ሐኪም ከዚህ በሽታ ጋር ባደረጉት ትግል ብዙ ነገር ታወቀ፦ ያልሞተ ጅማት ከኋላ ወደ ፊት አዙሮ የወደቀ እግር ማንሳት፣ የማያመው ውስጥ እግር ላይ ያለን ቁስል በደንብ ገጥሞ በተሠራ ጀሶ ጫናውን አከፋፍሎ ማዳን። ያ ጀሶ ዛሬ የስኳር ሕመምተኛን እግር እያዳነ ነው። ከመላው አፍሪካ የመጡ ሐኪሞች አለርት ውስጥ ተምረዋል። የኔ ልጆች ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ ጫማውን ራሳቸው ያወልቃሉ፤ ሰውየው «እግሬ ደህና ነው» ቢልም። ደህና ነው የሚለው ስላላመመው ነው፤ የማያመው ደግሞ ነርቩ ስለሞተ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንቱ ለመመረቅ ቢያንስ 15 የቁርጭምጭሚት ስብራት ቀዶ ሕክምና፣ 5 ደግሞ የእግር መጋጠሚያን አጣብቆ የማድረቅ ሥራ እንዲመዘግብ ይጠየቅ ነበር። እኛ ጋ ቁጥር ችግር ሆኖ አያውቅም። መንገዱ ይሰብራል፣ መወጣጫው ይሰብራል፤ 15ቱን በወራት ይሞላሉ። የሚጎድላቸው መጨረሻውን ማየት ነው። ቁስላችሁ ደርቆ ክር ከወጣላችሁ በኋላ አትመጡም። ተሽሏችሁ ከሆነ ደስ ይላል፤ ግን ያ ልጅ የሠራው እግር በዓመቱ እንዴት እንደሚሄድ ሳያይ ይመረቃል። አብሲት ጥሎ እንጀራውን ሳይቀምስ እንደሚሄድ ሰው ነው። እያነከሳችሁ እቤት የምትቀመጡት ደግሞ ወጌሻ ጋ ትሄዳላችሁ፤ እሳቸው የኔን ስህተት ያውቃሉ፣ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ታክሲ እንደሚያስወጣችሁ አውቃለሁ፣ በዓመታችሁ አንድ ቀን ኑ። ልጁ ፊት ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሂዱለት።

እናንተን ማየት ያስተማረው ሌላም አለ። አንዴ አንዲት ሬዚደንት ለአንዲት እናት «6 ሳምንት እግርሽን መሬት እንዳታስነኪ» ብላ ክራንች ሰጥታ አሰናበተቻት። በሦስተኛው ሳምንት ብሎኑ ተነቅሎ መጣ። «ለምን ረገጥሽ?» አለቻት ተቆጥታ። እናትየዋ «የኔ ልጅ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ሊፍት የለም። ውሃ ሲመጣ ታች ወርጄ መቅዳት አለብኝ» አለቻት። አሁን በኛ ዎርድ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ስንተኛ ፎቅ ነው?» የሚለው ነው። መጸዳጃ ቤታችሁ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ የሚሉበት? ቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ታስቀድሳላችሁ? መስጊድ ትሰግዳላችሁ? የደረቀ ቁርጭምጭሚት ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ለስግደትና ቁጢጥ ለማለት ግን አይታጠፍም። ለፈረንጅ ምን ዓይነት ጫማ ያደርጋል ተብሎ የሚታሰበው እኛ ጋ እንዴት ይሰግዳል ተብሎ ይታሰባል።

ብዙ አወራሁ። አንድ ነገር ላሳያችሁና ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ሁለት ሬዚደንቶቼ አብረውኝ መጥተዋል፤ እነዚያ ከግድግዳው ጋር የቆሙት። ከእናንተ አንድ ሰው ጫማና ካልሲውን ያውልቅ። እግሩ የታጠበ ይሁን እንጂ! አንተ፣ ቀጭኑ፣ ና። እዚህ ወንበር ላይ ዘርጋው።

አሁን እዩ። የመምህሬ ደንብ ምላጭ ከማንሳትህ በፊት ነርቩን በጣትህ አሳየኝ የሚል ነበር። በቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት አንድ ነርቭ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ የምንቀድበት አጠገብ። ከተቆረጠ የእግሩ ጀርባ ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ይህ ነርቭ ግን በብዙ ሰው ላይ ቆዳ ሳይከፈት በዓይን ይታያል። ነይ፣ አንቺ ጀምሪ። እግሩን ወደ ታችና ወደ ውስጥ አዙሪው። አዎ። አራተኛዋን ጣት ወደ ታች እጠፊያት... ትንሽ ጨምሪ። እማማ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ እዚህ እንደ ክር ከቆዳው ሥር ብቅ ያለችው። አየሽ፣ ጠመዝማዛ ናት፤ ከመጽሐፉ ሥዕል ወደዚህ አንድ ጣት ያህል ሸሽታለች። በእስክሪብቶ አስምሪባት።

ጥሩ። ካልሲህን አድርግ፣ ወንድሜ። ቀጥሎ ሌላ እግር።